«አያጨስም» ተብሎ የተሞላው ቅጽ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ኦክቶበር 15 ቀን 2015፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ሰዓቱን በትክክል የማውቀው ከሕንፃው በር በገባሁ ቁጥር የእጅ ሰዓቴን የመመልከት ልማድ ስላለኝ ነው። የምንኖረው ከዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ወደ ታኮማ ፓርክ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሁለት ዓመት የልጅ ልጄን ኤልዳናን ታቅፌ ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼ አጠረኝ። አየር ማስገባት አላቃተኝም፤ ያቃተኝ የገባውን ማስወጣት ነበር። የደረጃውን ብረት ይዤ ቆምኩ።

ከኋላዬ የሕፃኗን ቦርሳ ይዘው ይመጡ የነበሩት አቶ ክንፈ፣ የልጄ የሰብለ ባል የዳዊት አባት፣ ደረሱብኝና «ይስጡኝ እስቲ። እርስዎ ቀስ ብለው ይምጡ፤ ደረጃው እንደሆነ አይሸሽም!» አሉኝ። ሕፃኗን ከእጄ ወሰዱና እያንጎራጎሩላት፣ አንዴ እንኳ ሳያርፉ ወጡ። እሷም በትከሻቸው ላይ ሆና ወደ እኔ እጇን አላወዛወዘችም።

አቶ ክንፈ በዕድሜ በአንድ ዓመት ከአራት ወር ይበልጡኛል። ይህን ያሰላሁት እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በእኔ ዕድሜ ላሉ አባቶች፣ ከእነሱም ይልቅ ለልጆቻቸው ነው። የሳንባ በሽታዬን ለማወቅ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ የፈጀብኝ በሐኪሞች ድክመት ብቻ አልነበረም። እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ ከሳንባዬ ይልቅ ያሠቃየኝ ቅናት ነበር።

ሲጋራ የጀመርኩት በዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተማሪ ሳለሁ ነው። አባቴ እስኪያርፉ ድረስ በፊታቸው አጭሼ አላውቅም። በእኛ ዘንድ በታላቅ ፊት ማጨስ ነውር ስለሆነ፣ ማጨስ የጀመረ ሰው መደበቅንም አብሮ ይማራል። ሚስቴ ከሞተች በኋላ በ2003 እ.ኤ.አ. ወደ ልጄ መጣሁ፤ ዋሽንግተን መሀል በአንድ የመኪና ማቆሚያ የገንዘብ ተቀባይ ሳጥን ውስጥ አሥር ዓመት ሠራሁ። በዚያ ሳጥን ውስጥ ማንም አያየኝም ነበር።

ዳዊትም ያጨስ ነበር፤ እሱም በእኔ ፊት አያጨስም። «አባባ፣ ቆሻሻ ጥዬ ልምጣ» ይላል። የዚያ ቤት ቆሻሻ በቀን አራት ጊዜ ይጣል ነበር። እኔ ደግሞ «እግሬን ላፍታታ» ብዬ እወጣለሁ። አንድ ቀን ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባ ፊት ለፊት ተገናኘን፤ እሱ ሰማይ ሰማይ፣ እኔ ጫማዬን እያየን ተላለፍን። ማታ ራት ላይ ስለ አየሩ ጠባይ ብዙ ተነጋገርን።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ፎልስ ቸርች የሚኖር የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ቬፕ የሚባለውን ሰጠኝ፤ በባትሪ እየሞቀ ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ ወደ እንፋሎት የሚለውጥ፣ እስክርቢቶ የሚመስል ነገር ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። ኬሚስት ነኝና ሁሉንም በስማቸው አወቅኳቸው፤ ስማቸውን ማወቄንም ጉዳት እንደሌላቸው እንደማወቅ ቆጠርኩት። ውጭ ሲጋራዬን ሳልተው፣ ቤት ውስጥ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ የአየር ማውጫውን ከፍቼ፣ የናና ሽታ ያለውን ቬፕ እስብ ጀመር። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ከኤልዳና መኝታ ጋር አንድ ነው።

ከደረጃው ቀን በኋላ ሰብለ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ክሊኒክ ወሰደችኝ። እንግሊዝኛ አንብቤ እሞላለሁ፤ ሆኖም መነጽሬን ቤት ረስቼ ስለነበር ቅጹን እሷ ያዘች። ጎን ለጎን ተቀምጠን እያንዳንዱን ጥያቄ በአማርኛ ትጠይቀኛለች።

«አባዬ፣ ኦፕሬሽን አድርገህ ታውቃለህ?»

«ትርፍ አንጀት፤ በሃያ ሁለት ዓመቴ።»

«ደም ግፊት?»

«የለም።»

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ላይ ስትደርስ አልጠየቀችኝም። እስክርቢቶዋ ሳይቆም አንዱ ሣጥን ላይ ምልክት አድርጋ አለፈች። አጎንብሼ፣ ዓይኔን አጥብቤ እንደምንም አነበብኩት። «ያጨሳሉ?» የሚል ነበር፤ ምልክቱም «የለም» ላይ ነው። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ፊቷን አየሁና ዘጋሁት። ልጄ ስለ እኔ ያላትን ግምት በዚያ ወንበር ላይ ማፍረስ አልፈለግኩም። ከሥሩ በሙሉ ስሜ ፈረምኩ።

ሐኪሙ ፋይሉን አይቶ «አጫሽ አይደሉም፤ ይህ አለርጂ ነው» አለ፤ ክኒንና በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠኝ። የዚህ አገር ክረምት ገባ፤ ሳሉ ቀጠለ። ሁለተኛው ሐኪም የተወለድኩበትን አገር አይቶ የቲቢ ምርመራ በክንዴ ቆዳ ላይ አደረገልኝ፤ አበጠ። የራጅና የደም ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ድረስ በራሴ ፈቃድ ሳህኔን ለየሁ፤ ኤልዳናንም አላቀፍኩም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አቶ ክንፈ ከአሌክሳንድሪያ እየነዱ መጥተው እኔ የምቀመጥበት ሶፋ ላይ ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አድርገው ይውሉ ነበር። እኔ ከክፍሌ በር ሥር በሚገባው ድምፅ ሳቋን አዳምጣለሁ። ቲቢ እንደሌለብኝ የተነገረኝ ቀን ደስ ያለኝ ስለ ጤናዬ አይደለም፤ ሶፋዬን ስለማስመልስ ነው።

ሦስተኛው ሐኪም የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየወጣ ነው የሚያስለኝ አለ። የአልጋዬን ራስጌ በሁለት ጡብ ከፍ አደረግኩ። ሌሊት ግን ከጡቡ ሌላ ሦስት ትራስ ያስፈልገኝ ነበር፤ በጨለማ ውስጥ የራሴን ደረት እንደ ሌላ ሰው ደረት እያዳመጥኩ፣ ልጄን ልጥራ ወይስ ልቆይ ስል ይነጋል።

በ2016 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ ኤልዳና ታመመች። ስትተነፍስ ደረቷ «ሲር፣ ሲር» ይላል። ሰብለ ሥራ ስለነበረባት ዳዊትና እኔ ሮክቪል ወዳለችው የሕፃናት ሐኪም ወሰድናት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ካዳመጠቻት በኋላ ወንበሯን ወደ እኛ ስባ፣ «ይህን ሁሉንም ቤተሰብ እጠይቃለሁ፤ ቤት ወይም መኪና ውስጥ የሚያጨስ ወይም ቬፕ የሚጠቀም ሰው አለ?» አለች።

ዳዊት ወለሉን አየ። እኔ በግድግዳው ላይ የተሳለውን ዝሆን አየሁ። አማች በአማቱ ፊት፣ አማትም በአማቹ ፊት ምን ይበል? ሐኪሟ አንዳች ነገር ገባት መሰለኝ፣ «አያት፣ ከነርሷ ጋር ሄደው ሕፃኗን ቢያስመዝኑልኝስ?» አለችኝ። ኤልዳና ቀደም ብላ ተመዝና ነበር። ዳግመኛ አስመዘንኳት።

ዳዊት የወጣው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው፤ በእጁ የመድኃኒት ማዘዣና ማስታወሻ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት አልወቀሰችውም። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፓችና የኒኮቲን ማስቲካ አዘዘችለት፤ ማጨስ ማቆም ለሚፈልጉ ሰዎች በስልክ የሚያማክሩ ባለሙያዎች እንዲደውሉለትም ስሙን በፈቃዱ አስመዘገበች። «የኤልዳና መድኃኒት ከአባቷ ይጀምራል» አለችው አሉ።

በመኪናው ውስጥ ቅናት አንገበገበኝ። ሦስት ሐኪሞች ደረቴን አዳምጠው አንዳቸውም እንዲህ ያለ ሃያ ደቂቃ አልሰጡኝም! ለእሱ፣ ለጤነኛው ጎልማሳ፣ የሕፃናት ሐኪም ሳትቀር ተጨነቀችለት። ሃያውን ደቂቃ የከለከልኩት ራሴን መሆኑ በዚያን ጊዜ አልታየኝም።

ዳዊት በሚያዝያ አቆመ። ቆሻሻው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይጣል ጀመር፤ እኔ ብቻዬን እግሬን ማፍታታት ቀጠልኩ። ሰብለ ባሏን በአዲስ ዓይን ታየው ጀመር፤ ስትስቅለት እሰማለሁ። አንድ ቅዳሜ አቶ ክንፈ ምሳ ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ጀርባ መታ መታ አደረጉ።

«ጎበዝ! ትንባሆ ማለት እኮ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ይሉ ነበር አባቶች። ይኸው ልጄ ከሥሩ ነቀለው! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እሱ ግን አልደበቀም።» ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «እርስዎማ ዕድለኛ ነዎት፤ ከዚህ ጣጣ ንጹሕ ነዎት» አሉኝ።

ዳዊት ሳህኑን አየ። ሰብለ ተነሥታ ውሃ ልታመጣ ሄደች፤ ውሃው ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

አሁን የምጽፈውን ያለ ማስተባበያ ልጻፈው። በሰኔ፣ ኤልዳና ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በገባችበት ሳምንት መጨረሻ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰባት ሲጋራ የቀረበትን ፓኬቴን በዳዊት መኪና የሾፌሩ በር ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩ። እንዲያገኘው ነበር። አንዷን እንዲለኩስ፣ ከገንዳው ጀርባ ተመልሶ እንዲመጣልኝ፣ የአባቱም ሙገሳ እንዲረክስ ፈልጌ ነበር። የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የማደርገውን እያወቅኩ አደረግኩት።

በማግስቱ መኪናውን ይዛ የወጣችው ሰብለ ነበረች። ማታ ስትገባ ፓኬቱ በእጇ ነበር።

«ዳዊት፣ ይሄ ምንድን ነው? ኩዊት አድርጌያለሁ አላልከኝም?»

ዳዊት ፓኬቱን አየ። የእኔ ዓይነት ነው፤ እሱ ያንን አጭሶ አያውቅም። ዓይኑን አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ አነሣ።

«የእኔ ነው» አለ። «ሶሪ፣ ሰቢ።»

«ሶሪ? ልጄ ኢመርጀንሲ ሩም የገባችው ባለፈው ሳምንት ነው! ዶክተሯ ምን ነበር ያለችህ? እኔ ሰውነቴ አልቋል እኮ፣ ዳዊት!»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም!»

እኔ ጋዜጣ ይዤ ሶፋው ላይ ተቀምጫለሁ። ገጹን አልገለጥኩም። ሰብለ በዚያው ሌሊት ወሰነች፤ የቤቱ አየር እስኪጸዳ ድረስ ኤልዳና ሙሉ ሳምንቱን አሌክሳንድሪያ፣ አቶ ክንፈ ዘንድ ትቆያለች፤ ሰብለ ከሥራ በኋላ እየሄደች ታያታለች፤ እኛ ደግሞ በየእሑዱ። አቶ ክንፈ በነጋታው ሲመጡ የአልጋዋን ብርድ ልብስ አጣጥፌ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አቶ ክንፈ በየቀኑ ቪዲዮ ይልካሉ፤ ኤልዳና ዳክዬ ስታበላ፣ ኤልዳና በአቶ ክንፈ ባርኔጣ። በአንደኛው ላይ «አባባ!» ብላ ስትጣራ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ፤ የምትጠራው እሳቸውን ነበር። የሰው ልጅ በገዛ እጁ አሳልፎ በሰጠው ነገር ይህን ያህል ሊቀና እንደሚችል አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው እሑድ ዳዊት እየነዳ ወደ አሌክሳንድሪያ ስንሄድ፣ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ መኪናው ተጨናንቆ በቆመበት ጠየቅኩት።

«ለምን የእኔ ነው አልክ?»

«ታዲያ ምን ልበል፣ አባባ? የእርስዎ ነው ልበላት?»

«ረስቼው የሄድኩ መስሎህ ነው?»

«አዎ። ይረሳል እኮ፤ ምንም አይደል።»

«አልረሳሁትም» አልኩት። ያልሆነ ነገር እንዲጸና መተው አልቻልኩም። «እንድታገኘው ነው ያስቀመጥኩት።»

መኪኖቹ ተንቀሳቀሱ፤ እሱ አልተንቀሳቀሰም፤ ከኋላ ጥሩንባ ተነፋብን። ሲነዳ ቆይቶ፣ «እግዜር ይስጣት፣ እሷ ቀደመችኝ» አለ። «እኔ አግኝቼው ቢሆን ኖሮ አጨሰው ነበር፣ አባባ። ስልሳ ቀን ሞልቶኝ ነበር፤ ግን አጨሰው ነበር።»

«ቀንቼብህ ነው።»

«በእኔ?» ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣ። «በየማታው ማስቲካ እያኘክሁ ግድግዳ የምቧጥጠው እኔ ላይ? ኧረ አባባ፣ የሚቀናበት ሰው ጠፋ?»

አሌክሳንድሪያ ደርሰን መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ሲያጠፋ፣ «ዶክተሯ አያትንም ታግዛለች፤ እኔ አልናገርም፣ እርስዎ ይንገሯት» አለኝ።

በሐምሌ አጋማሽ ኤልዳና ቀጠሮ ነበራት። አቶ ክንፈ ሕፃኗን ከአሌክሳንድሪያ ይዘው መጡ፤ ሰብለም ፈቃድ ወሰደች። አራታችን በዚያች ጠባብ ክፍል በትናንሽ ወንበሮች ላይ ተደረደርን። ሐኪሟ የተለመደውን ጥያቄ ጠየቀች። ዳዊት መልስ ሊሰጥ ሲል እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ።

«እኔ» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ሲጋራ አርባ ስምንት ዓመት። ቬፕ ሁለት ዓመት፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ከሕፃኗ ግድግዳ ጎን።» ከዚያም በአማርኛ ወደ ልጄ ዞርኩ። «ፓኬቱም የእኔ ነው። ዳዊት አንዲትም አላጨሰም።»

«በስመ አብ!» አሉ አቶ ክንፈ።

ሰብለ አልጮኸችም። «አውቃለሁ፣ አባዬ» አለች።

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«ሁሉንም። የኮትህን ኪስ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ፓኬቱንም ሳየው አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ባልሽን…?»

«ከእሱ ጋር መጣላት እችላለሁ» አለች እንባዋ እየወረደ። «ካንተ ጋር አልችልም። እንዴት ብዬ? ቅጹንም ስሞላ፣ ታጨሳለህ ወይ ብዬ ሰው መሀል ላሳፍርህ?»

ንጽሕናዬን አምና የሞላችው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ነውሬን ልትሸፍንልኝ ነው። በመከባበር አንዳችን ሌላችንን ስንጠብቅ፣ መሀላችን ያለችው ሕፃን ትንፋሽ ታጣለች። አቶ ክንፈ ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ለሰብለ ሰጧት። በሐዘኗ ሰዓት መሐረብ የነበራቸው እንኳ እሳቸው መሆናቸው ቆጨኝ።

ሐኪሟ የምንለውን ባትሰማም እስክንጨርስ ጠበቀች። ከዚያ ጥያቄዎቿን ለእኔ ጀመረች፦ ከእንቅልፍ በነቃሁ በስንት ደቂቃ የመጀመሪያዋን አጨሳለሁ? ከዚህ በፊት ለማቆም ሞክሬ አውቃለሁ? እኔ የእሷ ታካሚ እንዳልሆንኩ፣ ነገር ግን የኤልዳና አየር የእሷ ጉዳይ እንደሆነ ነገረችኝ። በስልክ የሚያማክሩት ሰዎች በአማርኛ አስተርጓሚ እንዲደውሉልኝ አስመዘገበችኝ፤ ለዋናው ሐኪሜም የትንፋሽ ምርመራ እንዲያደርግልኝ ደብዳቤ ጻፈች። ሰዓቴን አየሁ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ሰጠችኝ። ለዳዊት ከሰጠችው በአምስት ደቂቃ ይበልጣል።

ለትንፋሽ ምርመራው በሄድኩበት ክሊኒክ ቅጹን በራሴ እጅ፣ መነጽሬን አድርጌ ሞላሁ። ምርመራው ቀላል ነው፤ አፍንጫ በመቆንጠጫ ተይዞ ባለ ቱቦ መሣሪያ ውስጥ ትንፋሽን እስከ መጨረሻው መንፋት ነው። የምታስነፋኝ ሴት «ይግፉ፣ ይግፉ፣ ይግፉ!» ስትል ምጥ የያዘኝ መሰለኝ። ውጤቱ የሳንባ ቧንቧዎች ሥር የሰደደ መጥበብ ነው፤ የገባው አየር ሳይወጣ ውስጥ ይታጎራል። የጠፋው አይመለስም፤ ማጨስ ከቆመ ግን የቀረው ቶሎ አይጠፋም። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ተሰጠኝ፤ ከጡቦቹም ከትራሶቹም ተገላገልኩ።

ነሐሴ ላይ ሲጋራውንም ቬፑንም በአንድ ቀን ተውኩ። ፓቹን ክንዴ ላይ ለጥፌ ማስቲካውን በኪሴ ያዝኩ። በሦስተኛው ሳምንት ከወፍራም ካፖርቴ ኪስ የተረሳ ቬፕ አገኘሁና ሁለት ጊዜ ሳብኩ። የሚያማክሩኝ ሰዎች «ወድቄያለሁ ብለው አይተዉት፤ ለአንድ ሰው ይንገሩ» ብለውኝ ስለነበር ለዳዊት ነገርኩት። አልሳቀብኝም። «በሉ ጫማዎን ያድርጉ፤ አብረን እንጣለው» አለኝ። ባትሪ ስላለው ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም ብዬ ተከራከርኩ፤ በማግስቱ ባትሪ ወደሚቀበሉበት ቦታ ድረስ ነድቶ ወሰደኝ።

የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ በሆምጣጤና በሳሙና አጠብኩት። ኤልዳና በጥቅምት ተመለሰች።

ለልጆች የምለው አንድ ነው፦ ቅጹን አባታችሁ ራሳቸው ይሙሉት፤ ካልቻሉም ጥያቄውን ሳታነቡላቸው አትለፉ። የሚያፍሩ ከሆነ እናንተ ውጡና ከሐኪሙ ጋር ብቻቸውን ተዉአቸው። አባቶች ሆይ፣ አማቻችሁ እናንተን ለመሸፈን ሲዋሽ ክብር አይምሰላችሁ።

ይህን የምጽፈው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ማስቲካው ግን ዛሬም በቀን አንድ አለ። ደረጃውን በየፎቁ እያረፍኩ እወጣለሁ። አቶ ክንፈ አብረውኝ ሲሆኑ እሳቸውም ይቆማሉ፤ የደከማቸው መስለው ወሬ ያመጣሉ። እንዳልደከማቸው አውቃለሁ፤ በዚህ ደግነታቸውም እቀናለሁ። ኤልዳና አሁንም በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የምትሮጠው ወደ እሳቸው ነው።

ያልታወቀው ይህ ነው፦ የኤልዳና ደረት ሲርሲርታ ቀንሷል፤ አልጠፋም። ሐኪሟ አስም ነው ትላለች። ከእኔ እንፋሎት የመጣ ይሁን ወይም ያለ እኔም ይመጣ የነበረ፣ ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት። ሁለቱንም ጊዜ «ማወቅ አይቻልም» አለችኝ።